ታብሌት ወይስ ኢ-ሪደር? ሁለቱንም ለወራት ይዤ የደረስኩበት

የምታነቡት በአማርኛ ብቻ ከሆነ ታብሌት ግዙ። ኢ-ሪደር፣ ማለትም ለማንበብ ብቻ የተሠራው መሣሪያ፣ የሚያዋጣው ቢያንስ ግማሹን በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ነው። ኢ-ሪደሩን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ፤ ከሁለቱ ከቦርሳዬ የማይጠፋው እሱ ነው። ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነገሩን የሚቆርጠው መጽሐፉ የሚመጣበት የፋይል ዓይነት ነው።

ያሉኝ እነዚህ ናቸው፦ ከርካሾቹ የሚመደብ ታብሌት፣ 8.7 ኢንች፣ 1340 በ800 ፒክስል፣ ክብደቱ 330 ግራም ገደማ፤ እና ባለ 6 ኢንች የኢ-ኢንክ (ወረቀት የሚመስል ጥቁርና ነጭ ስክሪን) ማንበቢያ፣ 170 ግራም ገደማ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ። ታብሌቱን ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ሱቆች ገዛሁት። ኢ-ሪደሩ በሰው እጅ ከውጭ መጣልኝ፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። በቴሌግራም የሚዘዋወረው የአማርኛ መጽሐፍ አብዛኛው ስካን ነው፤ ማለትም የገጽ ፎቶ። ፊደሉን ላጉላ ብትሉ ፎቶው ይጎላል እንጂ መስመሩ ተጣጥፎ ከስክሪኑ ጋር አይስተካከልም። ኤ5 የሚባለው የመጽሐፍ ገጽ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ የ6 ኢንች ስክሪን ወርድ ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር። ገጹ እንዳለ ሲገባ ወደ 60 ከመቶ ይቀንሳል። ላቲን ፊደል ይህን ያህል ቢያንስም በግምት ይነበባል። የእኛ ግን «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ገጹ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺው ጭረት ናት። እኔ ዓይኔ ደህና ሆኖ እንኳ ሁለት ምዕራፍ ሳልጨርስ ግንባሬን ይወጥረኛል።

መላ አለው። ኬኦሪደር የሚባል ነጻ ፕሮግራም በብዙ ኢ-ሪደሮች ላይ ይጫናል፤ ነጩን ኅዳግ ቆርጦ ይጥላል፣ የደበዘዘውን ቀለምም ያጠቁራል። ከዚያ መሣሪያውን አግድም አዙሬ ገጹን በግማሽ በግማሽ አነባለሁ። ስክሪኑ አግድም 12 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆንና ኅዳጉ የተቆረጠለት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ 11 ግድም ስለሆነ፣ ፊደሉ ከወረቀቱም ትንሽ ይበልጣል። በዚህ መንገድ ረጃጅም ልብ ወለዶች ጨርሻለሁ። ሆኖም ለእናቴ «እንዲህ አድርጊ» ብዬ የማስተምራት ነገር አይደለም። ታብሌቱ ላይ ያው ፋይል በአንድ ንክኪ ይከፈታል፤ ኅዳጉ ሲቆረጥ ወርዱ ልክ ይገባል፣ የቢጫውም ወረቀት ቀለም እንዳለ ይታያል። የፊደሉ ጥራት ከኢ-ሪደሩ ያነሰ ቢሆንም ስካኑ ራሱ ብዥ ያለ ስለሚሆን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

ሌላው ጣጣ በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተሠራው ፒዲኤፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የተተየበው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አማርኛ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ገጹ ሲታይ አማርኛ ነው። ኢ-ሪደሩ ጽሑፉን አውጥቶ ልደርድረው ሲል ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይዘረግፋል።

በትክክል የተሠራ ኢፐብ (ጽሑፉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሱን የሚያስተካክል የመጽሐፍ ፋይል) ሲገኝ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኮቦ የተባለው ኢ-ሪደር ኢፐብን እንዳለ ይከፍታል፤ የአማዞኑ ኪንድልም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በኢሜይል የተላከለትን ለውጦ ይቀበላል። ፊደሉ በሳጥን ሳጥን ከመጣ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት መሣሪያው ላይ መጫን ነው። በዚያ ፎንት፣ በ300 ነጥብ፣ አማርኛ እንዲህ ጠርቶ ሌላ ስክሪን ላይ አላየሁም። የሚያሳዝነው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ሲመጣ፣ እንዲህ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ እምብዛም አለመገኘቱ ነው። (በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ ነው። ደራሲው በሕይወት ካለ እኔ ለገሃር ሄጄ ወረቀቱን እገዛለሁ።)

ታዲያ ኢ-ሪደሩ ለምን ከቦርሳዬ አይጠፋም? በፀሐይ ምክንያት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው አዲሱ የእግረኛ መንገድ አግዳሚ ወንበር ላይ ረፋድ ተቀምጣችሁ ታብሌት ብትከፍቱ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ኢ-ኢንክ ደቃቅ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ስለሚጽፍና የሚታየውም በላዩ ባረፈው ብርሃን ስለሆነ፣ ፀሐዩ ሲበረታ እንዲያውም ይጠራል። አንድ ጊዜ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የነበሩ እናት «ልጄ፣ ምን ነክቶት ነው ቀለም የሌለው?» ብለው አዝነውልኛል።

ባትሪው የታብሌቱን ሲሶ አያክልም፤ ግን ኃይል የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲገለጥና መብራቱ ሲበራ ስለሆነ ለሳምንታት ይዘልቃል። መብራት በጠፋበት ማታ ታብሌቱ 20 ከመቶ ላይ ሆኖ ሲያቃስት ኢ-ሪደሩ ግድም አይሰጠው። ቆሜ ስሄድም በአንድ እጅ ይያዛል። ታብሌቱን ግን በአንድ እጅ ጥቂት ከያዝኩት አንጓዬ ይናገራል።

የታብሌቱ ትልቁ ችግር ታብሌት መሆኑ ነው። ቴሌግራሙ መጽሐፉን ያመጣል፣ ያው ቴሌግራም መጽሐፉን ያስዘጋል። የእህቴ ልጆች ቤት ከመጡ ደግሞ ጨዋታ ነውና ማታውን አላገኘውም። በአንጻሩ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ማስታወሻ እየያዝኩ ለማንበብ ወይም ተረክ ለማዳመጥ እሱን የሚያህል የለም። ተማሪ ከሆናችሁና የምታነቡት ኤ4 ሃንድአውት ከሆነ 8.7 ኢንችም ያንሳችኋል፤ 10 ኢንች ፈልጉ፣ ስለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ጭራሽ አታስቡ።

ለመግዛት ስትሄዱ የምታነቡትን ዓይነት ስካን ፒዲኤፍ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩን «ይህን ክፈትልኝ» በሉት፣ አንድ ሙሉ ገጽም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ያገለገለ ኢ-ሪደር ከሆነ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር የበዛበት ገጽ ላይ አድርጋችሁ የማይጠፋ መስመር እንዳለ እዩ። የኢ-ኢንክ ስክሪን ውስጡ ስስ መስታወት ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ሲጫኑት ይሰነጠቃል፤ መቀየሪያው ደግሞ ከመሣሪያው ዋጋ ብዙም አይርቅም። የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ሳታረጋግጡም ገንዘብ አትክፈሉ።