ከኋላ ይነጠፍ፣ ከሾፌሩ እግር ይራቅ፦ «ለሁሉም መኪና» የሚባለው የጎማ ምንጣፍ

አራት ቁራጭ ሆኖ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ለኋላ ወንበርና ለጋቢና ተሳፋሪ ጥሩ ዕቃ ነው። ክረምት ላይ ከፍ ያለው ጠርዙ ጭቃውን ይይዘዋል፣ ማታ አውጥቶ ውሃ መልቀቅ ብቻ ነው። በሾፌሩ በኩል ግን በነፃ ቢሰጥም አይነጠፍም።

ጣጣውን የሚያመጣው ያው ጭቃ የሚይዘው ጠርዝ ነው። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የታችኛው ጫፉ ወለሉ ጋ ይደርሳል። ምንጣፉ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ጠርዙ ጫፉ ላይ ይወጣና እግር ቢነሳም ፔዳሉ እዚያው ይቀራል። የፔዳሉ ስፕሪንግ ወፍራም ጎማ የማላቀቅ ጉልበት የለውም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ምንጣፍ ወለሉ ላይ ባሉ መንጠቆዎች ይታሰራል፤ ይሄኛው ቀዳዳ የለውም፣ ቢኖረውም ከመንጠቆው ጋር አይገጥምም። ከጀርባው ያሉት ጥርሶች ሞኬቱ እስኪያረጅ ድረስ ይይዙ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተረከዝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል። ከሁሉ የባሰው ዋናው ምንጣፍ ላይ መደረቡ ነው። ገዢው «እንዳይቆሽሽ» ብሎ የሚያደርገውም በብዛት ይህንኑ ነው።

«መኪናው በራሱ ተፈተለከ» የሚለው ክርክር ዓለም አቀፍ የሆነው በምንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 አልቆም ብሎ አራት ሰው ሞተ። መኪናው ነጋዴው ለደንበኛ በትውስት የሰጠው ነበር፤ የተነጠፈበት የጎማ ምንጣፍ ደግሞ የሌላ ሞዴል፣ የአርኤክስ 400 ኤች ነው። ከቀናት በፊት ያንኑ መኪና የተዋሰ ሌላ ሰው ፔዳሉ ምንጣፍ ውስጥ እንደተያዘበት ተናግሮ ነበር። መሪው ላይ የነበሩት ልምድ ያላቸው የትራፊክ ፖሊስ ስለነበሩ «መንዳት አያውቅም» የሚለው መልስ አልሠራም። የሌክሰስ አምራች ቶዮታ በዚህ ሰበብ ካምሪ፣ አቫሎን፣ ፕሪየስና ታኮማን ጨምሮ ሚሊዮኖች መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠርቶ የፔዳሉን ጫፍ እስከ ማሳጠር ደረሰ። በ2014 ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ክሱ ለደንበኛ እውነቱን ባለመናገሩ ነው።

ነዳጁን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርስ? የናሳ መሐንዲሶች መርምረው በ2011 ለእነዚህ አደጋዎች የኤሌክትሮኒክስ ምክንያት አላገኘንም አሉ። በ2013 ግን የኦክላሆማ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) በአንድ የ2005 ካምሪ ጉዳይ ጥፋቱን በኤሌክትሮኒክሱ ላይ ጣሉ። ያ ክርክር ገና አልተዘጋም።

ጋራዥ ውስጥ ግን መለያው ይህን ያህል አይከብድም። መኪናው ከቆመበት፣ ማርሽ እንደገባ ወይም ፓርኪንግ ላይ ድንገት ከተወረወረ፣ ሾፌሩም «ፍሬኑን ብረግጠው ብረግጠው እንቢ አለ» ካለ፣ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር ማለት ነው። ፍሬንና ነዳጅ በአንድ ሴኮንድ ተማክረው አይበላሹም። በ1980ዎቹ ኦዲ 5000 ላይ «በራሱ ተፈተለከ» ተብሎ የተነሳው ጩኸትም በ1989 የተደመደመው በዚሁ ነው። ዛሬ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርኪንግ የማይወጣው ያ ጣጣ ስላስተማረ ነው። በተቃራኒው ሾፌሩ ለመቅደም ወይም ዳገት ለመውጣት እስከ ወለሉ ረግጦ ከለቀቀ በኋላ መኪናው መክነፉን ከቀጠለ መጀመሪያ የሚታየው ምንጣፉ ነው። ፔዳሉ ራሱም አይታመንም፤ በ2024 ቴስላ 3,878 ሳይበርትራኮችን የጠራው የፔዳሉ ልባስ ተንሸራቶ ከላይ ስለሚቀረቀር ነበር። ሲገጣጠም ሳሙና ተቀብቶ ነበርና።

ምንጣፍ ሲገዛ መፈተኛው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ምንጣፉ በእጅ ወደ ፊት እስከሚሄድበት ይገፋ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ በአንዴ ይለቀቅ። ከዘገየ ወይም ከነካ አይገዛም። ፍሬኑም እንዲሁ ይሞከር። ጠርዙን በመቀስ መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፣ የተቆረጠው ጫፍ ይበልጥ ይታጠፋል። በሞዴሉ ልክ የተሠራና ቀዳዳው ከመንጠቆው የሚገጥም ይፈለግ። ያገለገለ መኪና ላይ መንጠቆው ተሰብሮ ከተገኘ ከምንጣፉ በፊት እሱ ይቀየር። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ፣ ወይም ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የሚሠራበት ካምሪ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል።

ከተያዘ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ምንጣፍ መጎተት አያስፈልግም። ፍሬኑን አንዴ አጥብቆ መርገጥና አለመልቀቅ፤ ነዳጁ ሙሉ ተከፍቶ ሳለ ቶሎ ቶሎ ከተረገጠ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ቫኪዩሙን ይጨርስና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ወዲያው ማርሹን ዜሮ (N) ላይ ማድረግ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ። ቁልፍ ያለው መኪና እየሄደ ቁልፉ አይነቀልም፣ መሪው ይቆለፋል። በቁልፍ ፋንታ በጣት የሚጫን ማስነሻ ያለው እየሄደ እንዲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ይፈልጋል፤ የዚያ ሌክሰስ ሦስት ሴኮንድ ነበር።

የሾፌሩ ቁራጭ ከፓኮው ተነጥሎ አይሸጥም፤ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የክሪክና የትርፍ ጎማ ማንጠፊያ ይሆናል።