ለሞቶክሮስ ጌም ተጨማሪ ትራክ መግዛት ያዋጣል? ከስምንት ወር በኋላ

«ኤምኤክስ ቨርሰስ ኤቲቪ ኦል አውት» እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ትራክ ላይ የሚካሄድ የሞተር ሳይክል እሽቅድድም ጌም ነው። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ በፕሌይስቴሽን 4። ዛሬ ግን የምጽፈው ለብቻው ስለሚሸጠው ተጨማሪ ይዘት፣ ስለ ዲኤልሲው ነው። ጓደኞቼ «ጌሙን ከገዛህ በኋላ ደግሞ ሌላ ገንዘብ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

የገዛሁት የ2018ቱን የአሜሪካ ሞቶክሮስ ሻምፒዮና የያዘውን ጥቅል ነው። የዚያ ዓመት 12ቱም የውድድር ትራኮች አሉበት። ስምንት ወር ሙሉ ተጫውቼበታለሁ። ትራክ ያለበት ከሆነ ግዙት። ሞተርና ልብስ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ።

አዲስ ሞተር ሁለት ቀን ያስደስታል። ቀለሙ፣ ስሙ፣ መልኩ ያምራል። በሦስተኛው ቀን ግን እጄ የሚያውቀው ያንኑ የድሮውን ነው። ትራክ ሲሆን ሌላ ነው። እያንዳንዱን ዝላይና ኩርባ ከዜሮ ትማሩታላችሁ። ማሳቹሴትስ ያለው ሳውዝዊክ አሸዋ ነው፤ በጠንካራ መሬት የለመድኩት አነዳድ እዚያ አልሠራልኝም። ሚሺጋን ያለው ሬድበድ ደግሞ «ላሮኮስ ሊፕ» የሚባል ትልቅ ዝላይ አለው፤ ስሙን ያገኘው ከእሽቅድድመኛው ከማይክ ላሮኮ ነው። በዚህ ጌም የግራው ስቲክ ሞተሩን ይመራል፣ የቀኙ የነጂውን ሰውነት። አቀበቱ ሥር ስደርስ የቀኙን ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ ልክ ጫፉ ላይ ወደ ፊት እገፋዋለሁ። ለቅጽበት ከዘገየሁ ማዶ ሳልደርስ እከሰከሳለሁ። ይህችን አንዲት ዝላይ በደንብ ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከልቤ የተደሰትኩባቸው ሦስት ሳምንታት ናቸው።

የኔ ልብ ግን ባድስ ክሪክ ላይ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ትራኩ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። ነሐሴ ላይ ልጄን ይዤው ሄድኩ። አርባ ሞተሮች በአንድ መስመር ተሰልፈው የመነሻው በር ሲወድቅ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። አንዱ ውድድር 30 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ሁለት የትራክ ዙር ይጨመርበታል፤ ይሄ በቀን ሁለቴ። ሰዎቹ ሲጨርሱ እጃቸውን መዘርጋት ያቅታቸዋል። በሳምንቱ ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት ልጄ ጆይስቲኩን ያዝ አድርጎ ጌሙን አቆመው። «አባ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው የቆምነው!» አለኝ፣ ኮረብታውን እያሳየኝ። በዓይናችን ካየነው የሚለይ ነገር አለው፣ ትራክ በየዓመቱ ይስተካከላልና። ኮረብታው ግን ያው ነው። ያወጣሁት ገንዘብ ያን ዕለት ተመለሰልኝ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይሄ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ጥቅል በአሜሪካ አካውንቱ ገዛሁለት። ማታ ደውሎ «ጋሼ፣ ዳውንሎድ አድርጌዋለሁ፣ ትራኮቹ ግን የሉም» አለኝ። ለካ የገዛው ያገለገለ ዲስክ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ተጨማሪ ይዘቱና ዲስኩ የአንድ አካባቢ መሆን አለባቸው። ከአሜሪካ ስቶር የተገዛ ዲኤልሲ የአውሮፓውን ዲስክ አያውቀውም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የዲስኩን ማቀፊያ ጎን ተመልከቱ፤ የጌሙ መለያ ቁጥር እዚያ ተጽፏል፣ የአሜሪካውና የአውሮፓው ይለያያሉ። የእሱን ያዳንነው ዋናው ጌም ቅናሽ እስኪደረግበት ጠብቀን ከአሜሪካው ስቶር በመግዛት ነው።

ቅናሽ መጠበቅ ለማንም ይጠቅማል። እስከዚያው ከጌሙ ጋር የመጡትን ትራኮች ተጫወቱ። ከወር በኋላም ሰዓታችሁን ለማሻሻል ወደ አንድ ትራክ ደጋግማችሁ የምትመለሱ ከሆነ አዲስ ትራክ ያስደስታችኋል። ውድድሩን አሸንፎ ወደ ሌላ ጌም መሄድ የሚወድ ሰው ግን በ12ቱ ትራኮች የገንዘቡን ያህል አይጠቀምም።

የእህቴ ልጅ ወደ አንድ ትራክ ደጋግመው ከሚመለሱት ነው። ትናንት የሳውዝዊክ ሰዓቱን በቴሌግራም ላከልኝ። በአራት ሰከንድ ቀድሞኛል። ዛሬ ማታ ልጄ ሲተኛ እሞክረዋለሁ።