ከጭነት ቫን ወደ ቤተሰብ መኪና፦ ከሞሪስ ማይነር ጋር 14 ወራት

መኪናውን የገዛሁት መስኮት ወጥቶለት፣ የኋላ ወንበር ተገጥሞለትና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ሞሪስ ማይነር የተባለው የድሮ የእንግሊዝ መኪና ቫን ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከጋቢናው ኋላ ያለው ጎን ሁሉ ድፍን ላሜራ ነበር። አሁን በየጎኑ አንድ ሰፊ መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ ለሦስት ሰው የሚሆን ተጣጣፊ ወንበር አለው። ሁለቱ የኋላ በሮች እንደ ድሮው ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። በ14 ወራት ውስጥ 11,000 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ፤ ሥራ እሄድበታለሁ፣ ልጆቼን አመላልስበታለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጣውላና ሲሚንቶ እጭንበታለሁ።

እወደዋለሁ። የምጽፈውም ስለምወደው ነው፤ ምክንያቱም ቫንን ወደ ስቴሽን ዋገን (ከኋላ ወንበርና ሰፊ የዕቃ ቦታ ወዳለው የቤተሰብ መኪና) መቀየር መስኮት መቁረጥ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም ስገዛው እንደዚያው ነበር የማስበው።

ፋብሪካው ራሱ ከ1953 ጀምሮ ትራቭለር የተባለ የማይነር ስቴሽን ዋገን ያመርት ነበር። የኋላ አካሉ በእንጨት ማዕቀፍ የተሠራ ነው፤ እንጨቱም ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም፣ አካሉን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ታዲያ ትራቭለር እያለ ሰው ለምን ቫን ገዝቶ ይቆርጣል? በእንግሊዝ መልሱ ግብር ነበር። የቤት መኪና ሲገዛ የሚከፈለው የግዢ ግብር ጎኑ ድፍን በሆነ ቫን ላይ አይከፈልም ነበር። ከኋላ መስኮትና ወንበር ሲገባ ግን ግብሩ ይከተላል። በ1973 ያ ግብር በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ምክንያት ቀረ፤ ቫን ቆርጦ የቤተሰብ መኪና የማድረጉ ልማድ ግን አልቀረም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ የትራቭለር እንጨት ሲበሰብስ ማደሱ አድካሚና ውድ ነው፤ ቫኑ ግን እንጨት የለውም።

የማይነር ቫን ለዚህ ሥራ የሚመችበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። የማይነር የቤት መኪና ሻንሲ፣ ማለትም አካሉ የሚቀመጥበት የብረት መሠረት፣ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው አካሉ ራሱ ነው። ቫኑ ግን ከጋቢናው ኋላ የራሱ ሻንሲ ስላለው ጎኑ ሲቆረጥ መኪናው አይልመጠመጥም። ሻንሲ በሌለው ቫን ላይ፣ ለምሳሌ በሚኒ ቫን ላይ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ከቆረጠው ላሜራ ጋር ጥንካሬም አብሮ እንደሚወጣ ማወቅና በመስኮቱ ዙሪያ ደጋፊ ብረት መበየድ አለበት።

ሥራው በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። በሦስተኛው ወር ከግራው መስኮት ሥር ቡናማ እንባ የመሰለ መስመር ወረደ። መስታወቱን ሳወጣው የተቆረጠው የላሜራ ጠርዝ ቀለም ጭራሽ አልነካውም፤ በፍሌክስ ቆርጠው ወዲያው ጎሚኒውን አልብሰውታል። የቆረጡበት መስመርም የሰከረ ሰው እንደሄደበት መንገድ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ እዚያ ላይ ጎሚኒው የሚነክሰው ብረት አጥቷል። ውሃው የሚገባው በዚያ ነበር። አንድ ነገር ግን አሳምረው ሠርተዋል፦ ማዕዘኖቹን አክብበዋቸዋል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ማዕዘን መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከዚያች ነጥብ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ በሰፋበት ቦታ ቀጭን ላሜራ አስበየድኩ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁ። መስታወቱን የመለስኩት በሲባጎ ነው፤ ላላየው ሰው ልንገረው። ጎሚኒው መጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ይለብሳል። ላሜራውን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ቀጭን ሲባጎ ዙሪያውን ይገባና ሁለቱ ጫፎች ከታች ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ሁሉ ነገር በሳሙና ውሃ ይርሳል። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሲስብ፣ የጎሚኒው ከንፈር እየተገለበጠ ላሜራው ላይ ይቀመጣል። ባለቤቴ ከውጭ ገፋች፣ እኔ ሳብኩ። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብን በአራተኛው ጠብ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ ውሃ አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ልናገር የምፈልገው ግን ስለ ጭስ ነው። በአምስተኛው ወር ረጅም መንገድ ሄደን ነበር። ትንሿ ልጄ ከኋላ ተኝታ ነቃችና «አባዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። መንገዱ መስሎኝ ነበር። ስንመለስም ያንኑ ስትለኝ ቆምኩ። እሷ ወርዳ ነፋስ ስታገኝ ተሻላት፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርባው ቀጥ ያለ መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፣ ያ ባዶ ቦታም የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ በሮቹ ይስባል። የቫን የኋላ በር ዕቃ እንዳይወድቅ እንጂ አየር እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሲሚንቶ ራሱን አያመውም። ከጭሱ ውስጥ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።

ቤት ስገባ አንድ ወረቀት በበሩ መሐል አድርጌ ዘጋሁና ሳብኩት። በታችኛው ጠርዝ በኩል ወረቀቱ ምንም ሳይያዝ ወጣ። በዙሪያው ሁሉ በየእጅ ስፋቱ ሞከርኩ፤ ከሞከርኩባቸው ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት በሩ ወረቀቱን አልያዘም። አሮጌውን ጎሚኒ አውጥቼ ወፍራም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የበር ጎሚኒ አለበስኩት። በወለሉ ላይ የድሮ ቡሎኖች የነበሩባቸውን ቀዳዳዎች ደፈንኩ። ከአካሉ ሥር ያልቅ የነበረውን የጭስ ማውጫ ቱቦም ከፓራውልቱ አልፎ እንዲወጣ አስረዘምኩት። ከኋላ ወንበሩ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሰቅያለሁ። እስካሁን አልጮኸም፤ ልጄም ከዚያ ወዲህ «ራሴን» ብላ አታውቅም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የተቀየረ ቫን የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ይህን የወረቀት ሙከራ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

የወንበሩ ቀበቶ ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር ነው። ቡሎኖቹ ትክክለኞቹ፣ 7/16 ኢንች የሆኑት ነበሩ። የታሰሩት ግን በስሱ የወለል ላሜራ ላይ፣ ከሥሩ በተራ ሮንዴላ ብቻ ነው። ግጭት ቢደርስ ዳዶው ላሜራውን እንደ ወረቀት ቀድዶ ይወጣል። አሁን ወፍራም የብረት ሳህን ከሥር ተደርጎ፣ ሳህኑም ከሻንሲው ጋር ተያይዟል። ይህን ሥራ በራሴ እጅ አልሞከርኩትም፤ ለሚያውቅ በያጅ ሰጠሁት።

አነዳዱን በተመለከተ፣ የቫኑ ባሌስትራ የተሠራው ለ6 ሃንድረድዌይት፣ ማለትም ለ305 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ነው። ብቻዬን ስሆን ጉድጓድ ሁሉ እስከ ጥርሴ ይሰማኛል፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ሲቀመጡ ደግሞ ምቾቱ ያስገርማል። ከድርብርቦቹ ብረቶች አንዱን እንዳስወጣ መክረውኝ ነበር፤ ቅዳሜ ጭነት ስለማልተው አልተስማማሁም። 1,098 ሲሲ ሞተሩ 48 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ግን ያስጨንቀዋል። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር (ዲስክ ያልሆነው የድሮ ዓይነት) ስለሆነ መኪናው በሰው ሲሞላ ከፊቴ ካለው መኪና ርቄ እነዳለሁ። ነዳጅ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሊትር ይፈጃል።

ጩኸቱ መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር። ድፍን ላሜራ እንደ ከበሮ ነው። በጎኖቹና በጣሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ ከለጠፍኩ በኋላ ከልጆቼ ጋር ሳልጮህ ማውራት ችያለሁ።

አንድ ያላለቀ ሥራ አለ። ወንበሩ ሲታጠፍ ከወለሉ ጋር እኩል አይሆንም፤ የአራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ለጊዜው ከኋላው ወለል ላይ የጣውላ ሳጥን አስቀምጬ እኩል አድርጌዋለሁ፤ በሳጥኑ ውስጥ ክሪክና መፍቻ ይቀመጣሉ። በያጁ አዲስ ማጠፊያ እየሠራልኝ ነው። ልጆቼ ግን ሳጥኑ እንዳይወጣ እየለመኑኝ ናቸው፤ ስንቆም በሮቹን ከፍተው የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው።