የሚሊካን የዘይት ጠብታ መሣሪያ፦ ለላቦራቶሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ለፊዚክስ ላቦራቶሪ ከሚሸጡ መሣሪያዎች መካከል ተማሪን የዚህን ያህል የሚያደክም፣ የዚህንም ያህል የሚያስተምር ጥቂት ነው። ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለመለካት እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተጠቀመበትን ዘዴ በአንድ ሣጥን ይሰጣችኋል፦ አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት ክብ የብረት ሳህኖች፣ መብራት፣ መስመር የተሰመረበት ማይክሮስኮፕ፣ የዘይት መርጫ እና 500 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ። እዚህ የሚገመገመው በሳህኖቹ መካከል 7.6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ያለው፣ ካሜራ የሌለው ዓይነት ነው።

ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 የኤሌክትሮን ቻርጅ ከመጠነ ቁሱ ጋር ያለውን ጥምርታ ለክቶ ነበር። ቻርጁን ለብቻው ለማወቅ በውሃ ጠብታ የተሞከረው ግን ውሃው ቶሎ እየተነነ አስቸገረ። መፍትሔው ዘይት ሆነ፦ የዘይት ጠብታ ያለ ቮልቴጅ ሲወድቅ ከሚፈጅበት ጊዜ መጠኑ ይሰላል፣ በሳህኖቹ መካከል ቮልቴጅ ሲበራ ወደ ላይ ለመውጣት ከሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ ቻርጁ ይሰላል። የሚሊካን ተማሪ ሃርቪ ፍሌቸር የሽቶ መርጫና የሰዓት ዘይት ገዝቶ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ያየው በዚያን ጊዜ ነው። ስሙ በብዙ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለመኖሩ ያሳዝናል፤ መሣሪያው የእሱም ነው።

ስትተክሉት መጀመሪያ ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ሳህኖቹ ትንሽ ካዘነበሉ ጠብታው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ከእይታ ይወጣል። ከዚያ በሳህኖቹ መካከል የሚገባውን የፕላስቲክ ቀለበት ውፍረት በማይክሮሜትር ለኩ። ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ ጠርዙን ሳይሆን ሳህኑ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የምትለኩት፤ የ0.1 ሚሊሜትር ስሕተት መልሱን በ1.3 በመቶ ያዛባል። ቮልቴጁንም ከፓወር ሰፕላዩ ጽሑፍ ላይ አታንብቡ፣ በመልቲሜትር ለኩት።

መርጫውን አንዴ ጨመቅ አድርጉ፣ በቃ። ጠብታ አልታይ ሲል ደጋግሞ መርጨት ዋናው ጥፋት ነው፤ ዘይቱ የላይኛውን ሳህን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢረጭ የሚገባ የለም። ሲደፈን በቀጭን ሽቦ ክፈቱት፣ ሳህኑን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። አንዳንዱ ማይክሮስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጥ የሚወድቀው ጠብታ ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል፤ ተማሪ ይህን ቀድሞ ካላወቀ የተሳሳተ ጠብታ ይዞ ይቆያል።

ትልቁ ጥበብ ጠብታ መምረጥ ነው። ቮልቴጁ ሲጠፋ 0.5 ሚሊሜትር ለመውደቅ 15 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ጠብታ ጥሩ ነው፤ ሬዲየሱ ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ይሆናል። 500 ቮልት ሲበራ ያንኑ ርቀት ለመውጣት አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ያለው 12 ሰከንድ፣ ሁለት ያለው 4 ሰከንድ፣ ሦስት ያለው 2.5 ሰከንድ አካባቢ ይወስድበታል። ከዚህ የፈጠነውን ተዉት። የእጅ መዘግየት 0.2 ሰከንድ ቢሆን በ2.5 ሰከንድ ላይ 8 በመቶ ነው፤ ደግሞም አሥር ኤሌክትሮን ባለው ጠብታ ላይ የ5 በመቶ ስሕተት ግማሽ ኤሌክትሮን ስለሚያህል የቻርጁ እርከን (ቻርጅ በአንድ አንድ ኤሌክትሮን ልክ መዝለሉ) ጨርሶ አይለይም። በጣም ትንንሾቹ በተቃራኒው በብራውን እንቅስቃሴ፣ ማለትም የአየር ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ስለሚገፏቸው፣ ይንቀጠቀጣሉ።

አንድ ጠብታ እየለካችሁ የመውጫው ጊዜ በድንገት ቢቀየር፣ የመውደቂያው ግን እንደነበረ ከሆነ፣ ደስ ይበላችሁ። ጠብታው ኤሌክትሮን ጨምሯል ወይም ጥሏል ማለት ነው። ያን ጠብታ አትልቀቁት፤ ቻርጅ በእርከን እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

አሁን ለአዲስ አበባ ገዢ ዋናው ጉዳይ። የጠብታው ሬዲየስ የሚሰላው በስቶክስ ሕግ፣ ማለትም አየሩ የሚወድቀውን ጠብታ ምን ያህል እንደሚይዘው በሚሰጠው ቀመር፣ ነው፤ ሕጉ ግን አየሩን እንደ ተያያዘ ፈሳሽ ያያል። ጠብታው እጅግ ትንሽ ሲሆን በአየር ሞለኪውሎች መካከል ሾልኮ ስለሚያልፍ ሕጉ ከሚለው በላይ ይፈጥናል። ኤቤኔዘር ከኒንግሃም በ1910 ያቀረበው ማስተካከያ ለዚህ ነው፤ መጠኑም በአየር ግፊት ይወሰናል። የመመሪያው ምሳሌ በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ101 ኪሎፓስካል፣ የተሠራ ከሆነና ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጣችሁት፣ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ በሆነበት በአዲስ አበባ ለግማሽ ማይክሮሜትር ጠብታ መልሱ 7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። 1.60 × 10⁻¹⁹ ኩሎም መሆን የነበረበት የኤሌክትሮን ቻርጅ 1.72 × 10⁻¹⁹ ይወጣል፣ ተማሪውም ጥፋቱን በዓይኑ ያሳብባል። የአየር ትንበያ ላይ የሚነበበው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ስለሆነ አይረዳም። ላቦራቶሪው ውስጥ ባሮሜትር ይኑር፤ ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው ስልክም ይበቃል።

ሚሊካን ራሱ የተሳሳተው በአየሩ ላይ ነው። በ1913 ያሳተመው ዋጋ በኩሎም ሲቀየር 1.592 × 10⁻¹⁹ ያህል ነው፤ የዛሬው 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ነው። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት የተጠቀመበት የአየር ቪስኮሲቲ (አየሩ እንቅስቃሴን የሚቋቋምበት መጠን) ጥቂት ማነሱ ነው። በክፍላችሁም የአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ውጤቱን በ0.4 በመቶ ገደማ ስለሚቀይር ቴርሞሜትሩን በየጠብታው አንብቡ። ከዚያ በላይ የሚያነጋግረው የመዝገብ ነገር ነው። የሚሊካን የ1913 ጽሑፍ 58 ጠብታዎችን ይዞ፣ የተመረጡ ሳይሆኑ በ60 ተከታታይ ቀናት የታዩት ሁሉ ናቸው ይላል፤ ማስታወሻ ደብተሮቹ ውስጥ ግን ከዚያ የበዙ ጠብታዎች አሉ። ተማሪዎቻችሁ የተጣለውንም ጠብታ ከነምክንያቱ ይመዝግቡ።

ስትገዙ የኤልኢዲ መብራት ያለውን ምረጡ፤ ሃሎጅን ክፍሉን እያሞቀ አየሩን ያንቀሳቅሳል። የጠብታውን ቻርጅ ለመቀየር በአየሩ ውስጥ አዮን የሚፈጥር የጨረር ምንጭ ካለበት፣ ቶሪየም ከሆነ በተለይ፣ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ከክፍያ በፊት አጣሩ። ከዘይቱ ጋር እፍግታው ካልተጻፈ 10 ሚሊሊትር በሲሪንጅ ቀድታችሁ እስከ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን የማዕድን ዘይት 8.86 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የምግብ ዘይት አትተኩበት፤ ሲቆይ ይዝለገለግና መርጫውን ይዘጋዋል።