የጋዝ ሻወር ማሞቂያዬ፦ ከክረምት እስከ ፋሲካ

ባለፈው ክረምት ነው ያስገጠምኩት። መብራት በጠፋ ቁጥር በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ሰልችቶኝ ነበር። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌ ጠዋት ውሃዋ አጥንት ይሰብራል።

ውሃ በማሞቅ በኩል ቅሬታ የለኝም። የሚያስደስተውም የሚያናድደውም ማቀጣጠያው ነው።

ክብሪትም ሶኬትም አይፈልግም። ሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ማሞቂያው ውስጥ ያለውን ስስ ላስቲክ ይገፋል፤ ላስቲኩም ማብሪያውን ይነካል። ከዚያ የድንጋዮቹ 3 ቮልት ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ብሎ ብልጭታው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ እሳቱ ቦግ። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ነበልባል ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ዘንጓ ያንን ካጣች በሰከንዶች ውስጥ ጋዙ ይዘጋል። እሷን በጣም ወድጃታለሁ።

ጣጣው የሚመጣው ከውሃው ነው። የመስመር ውሃ ሲኖር ወዲያው ይቀጣጠላል። ውሃ ጠፍቶ ከሮቶ ስንጠቀም ግን ላስቲኩን የሚገፋ ጉልበት የለም፤ ጠቅታው ራሱ አይሰማም። ለጥምቀት እንግዳ ቤቱን ሞልቶት፣ አንዱ ሳሙና እንደተቀባ «ኧረ በረዶ ሆነ!» ብሎ የጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሳቅን፣ እሱ አልሳቀም። በኋላ ለሮቶው ረዘም ያለ የብረት ማቆሚያ አሠርተን ተገላገልን።

ድንጋዩ ሲደክም ብልጭታው ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ጋዝ ይጠራቀምና «ድው!» ብሎ ይነሳል። ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ድንጋዩን ቀይሩ። ርካሹን አትግዙ፤ አልካላይን ይሻላል።

ጎረቤታችን ጋሼ የድሮውን ዓይነት ነው የሚጠቀሙት። ቁልፉን ሲጫኑት ውስጡ ያለው ክሪስታል ይመታና ራሱ ብልጭታ ይሰጣል፤ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ትንሿ መለኮሻ እሳት ግን ቀን ከሌት ትነዳለች። ቴርሞካፕል የሚሉት ነገር ሙቀቷን ወደ ጥቂት ሚሊቮልት ቀይሮ ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ እሷ ስትጠፋ ይበርድና ጋዙ ይዘጋል። ጠንካራ ዕቃ ነው። ሲሊንደር ማስሞላት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ግን ዝም ብሎ ለሚነድ እሳት መክፈል አልችልም።

የኔ የተሰቀለው ዝናብ የማይነካው በረንዳ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ጋዙ ሲነድ የሚወጣው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ሰማያዊው ነበልባል ወደ ቢጫ ከዞረም አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ።

ሮቶአችሁ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ከፍ አድርጉት፤ ማሞቂያው ከዚያ ይገዛል።