ዘጠኝ ሳጥን ያለው የመጫወቻ መደርደሪያ፣ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ዕቃ የሚበዛው ማንም ልብ ሳይለው ነው። አንዱ በስጦታ ይመጣል፤ ሌላው ከዘመድ ልጅ ተርፎ ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ በመንገድ ላይ ለቅሶ ለማስቆም ይገዛል። ሁሉም ይገባል እንጂ የሚወጣ የለም። እኔም ይህን መደርደሪያ የገዛሁት ትልቋ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ትንሹ ደግሞ ገና መራመድ በጀመረበት ሰሞን፣ ከሳሎኑ በር እስከ ሶፋው ድረስ ባዶ እግርን የማይወጋ መተላለፊያ በጠፋበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ችግራችን የማስቀመጫ ማነስ ይመስለኝ ነበር። ስምንት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን መደርደሪያውን የምወድለት ከተወሰነ በላይ አልይዝም ማለቱን ነው፤ ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ለማያውቀው አንባቢ ዕቃው እንዲህ ያለ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት የቺፑድ ጎኖች ይቆማሉ፤ በመካከላቸው በሦስት ረድፍ ዘንጎች ይዘረጋሉ፤ በዘንጎቹ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ያሉ፣ ክዳን የሌላቸው ዘጠኝ የፕላስቲክ ሳጥኖች ይቀመጣሉ። ትንንሾቹ ሳጥኖች ከላይ፣ ትልልቆቹ ከታች ናቸው፤ ከፍታው ከትልቋ ልጄ ደረት አያልፍም። ይህን ዓይነት መደርደሪያ ብዙ አምራቾች በጥቂት ልዩነት ስለሚሠሩት፣ የምጽፈው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ አንድ የንግድ ስም አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

ገጣጠሙ ቀላል ነው። አንድ ካቻቢቴ ይበቃል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጀምሬ በዚያው ምሽት ጨርሻለሁ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ከብሎኑ ጋር ስላልተገናኘ በጉልበት ማስገባት ግድ ሆኖብኝ ነበር፤ ከዚያ ውጪ የሚነገር ነገር የለውም።

ስለ ሳጥኖቹ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየቀኑ የሚጎተቱት፣ የሚገለበጡትና የሚታጠቡት እነሱ ናቸውና። ከመደርደሪያው ጋር የመጡት ባለቀለም ሳጥኖች ሥራቸው ላይ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ታትሞባቸዋል፤ ይህም የተሠሩት ከፖሊፕሮፒሊን መሆኑን ያሳያል። ፖሊፕሮፒሊን ሲጫኑት ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ የሚቀልጠውም ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ ምንም አይሆንም። ትንሹ ልጄ ሳጥኑን ገልብጦ እንደ በርጩማ ይወጣበታል፤ ሲያሻው ደግሞ ውስጡ ተቀምጦ እኅቱ በወለሉ ላይ ትጎትተዋለች። እስካሁን ከመጫጫር በቀር የደረሰበት ጉዳት የለም። በአንጻሩ፣ ውስጡ ያለው ነገር ከሩቅ እንዲታይ ብዬ በኋላ ለብቻ የገዛኋቸው ሦስት ጥርት ያሉ ሳጥኖች ሥራቸው ላይ 6 ቁጥር ነበረባቸው፤ ፖሊስታይሪን ማለት ነው። ፖሊስታይሪን እንደ መስታወት ያምራል፤ ነገር ግን ድርቅ ያለና ተሰባሪ ነው። ሳምንት ሳይሞላቸው አንደኛው ጥጉ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ስብርባሪው እንደ ምላጭ የሰላ ስለነበር ሦስቱንም በዚያው ቀን ከቤት አወጣኋቸው። ፈዘዝ ብሎም ቢሆን ውስጡን የሚያሳይ ባለ 5 ቁጥር ሳጥን ስላለ፣ ተጨማሪ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ገልበጥ አድርጎ ቁጥሩን ቢያይ ይጠቀማል።

የቺፑዱ ነገር ሌላ ነው። ቺፑድ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላም ቢደርቅ ወደ ነበረበት አይመለስም። ወለሉን በደንብ ባልተጨመቀ መወልወያ ስወለውል ውሃው በመደርደሪያው እግር ሥር እየቆየ፣ የግራው ጎን የታችኛው ጠርዝ እንደ ተነፋ ዳቦ ሆኗል። ከአራቱም ማዕዘን ሥር ትንንሽ የጎማ መርገጫ ቢኖረው ይህ ባልደረሰ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የማስታውሳቸው በመሳቀቅ ነው። ሳጥኑ ዘጠኝ ስለሆነ ዓይነቱም ዘጠኝ መሆን አለበት ብዬ፣ መኪናውን ለብቻ፣ እንስሳውን ለብቻ፣ ብሎኩን ለብቻ፣ የአሻንጉሊት ልብሱን ለብቻ እየለየሁ በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ላይ ስሙን ጽፌ ለጠፍኩ። ትልቋ ገና ማንበብ አትችልም፤ ትንሹ ደግሞ ወረቀቱን መላጥን ራሱን የቻለ ጨዋታ አደረገው። ስለዚህ ማታ ማታ ደርዳሪዋ እኔው ብቻ ሆንኩ። አንድ ቀን ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ ወለሉ ላይ የነበረውን ሁሉ በእጁ እየዛቀ ቅርብ ባገኘው ሳጥን ውስጥ ሞልቶ «በቃ፣ አለቀ» ሲል ክፉኛ ተናደድኩበት። በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ወለሉ ጸድቷል፤ የፈጀበትም አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ለአራስና ለሕፃን እናት ማታ ላይ የአምስት ደቂቃና የአርባ ደቂቃ ልዩነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ልዩ ልዩ» ብዬ የሰየምኩት ሳጥን በበኩሉ ክዳን የጠፋበት እስክሪብቶ፣ ጥንዱ የጠፋ ካልሲ፣ ባትሪ ያለቀበት ስልክና የማይታወቅ ነገር ስባሪ የሚከማችበት ጓዳ ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው ወር ዘጠኙንም ወለል ላይ አፈሰስኩና ከትልቋ ልጄ ጋር ቁጭ አልን። በመጀመሪያ እያንዳንዱን እያነሳሁ «ይህ ይውጣ?» እያልኩ ጠየቅኋት። ለሁሉም መልሷ አይሆንም ነበር። ሦስት እግር ብቻ የቀረውን የፕላስቲክ ፈረስ እንኳን «እግሩ እኮ ሊያድግ ይችላል» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ነገሩ የተለወጠው ጥያቄውን ስገለብጠው ነው። ባዶ ሳጥን ፊቷ አስቀምጬ «የምትወጃቸውን እንስሳት እስኪሞላ ድረስ አስገቢበት» አልኳት። ሳጥኑ ሲሞላ ከልካዩ ሳጥኑ ሆነ፤ እኔ ከክርክሩ ወጣሁ። ሌላ አንበሳ ለማስገባት ስትፈልግ የትኛው እንደሚወጣ ራሷ ታሰላስላለች። ፈረሱ አሁንም አለ፤ ሁለት ላሞችና አንድ ዝሆን ግን ለእሱ ሲባል ተሰናብተዋል። እንግዲህ ይህ መደርደሪያ ከማንኛውም ሌላ ማስቀመጫ የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ልኩ የታወቀ፣ ለልጅ ዓይን የሚታይና ማንም የማይከራከረው ወሰን አለው።

ቀድሞ የነበረን አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ይህ ወሰን አልነበረውም። ሁሉን ነገር ይውጣል፤ የሚፈለገው ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ ከሥር ስለሚሆን ልጆቹ አንድ መኪና ለማውጣት ሙሉውን ይገለብጡት ነበር። ክዳኑም ከባድ ሆኖ ክፍት እያለ ደግፎ የሚያቆየው ነገር ስላልነበረው አንድ ጊዜ የትልቋን ጣት ጨፍልቆታል። ሕፃን ውስጡ ገብቶ ቢዘጋበት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳልነበረውም ያስተዋልኩት ያኔ ነው። በዚህ ረገድ ክዳን አልባው መደርደሪያ በጣም የተሻለ ነው። ልጅ ዕቃውን ለመመለስ ከመወርወር በቀር የሚጠበቅበት ነገር ስለሌለ ትንሹም ሳይቀር ይመልሳል።

የክዳን አለመኖር ግን ጉዳትም አለው። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ባሉበት ቤት የትልቋ ዶቃና ጥቃቅን ተገጣጣሚ ለትንሹ እጅ ክፍት ነው። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ የሚፈተሽበት ሲሊንደር ስፋቱ 3.17 ሴንቲሜትር ነው፤ በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ሁሉ ሊያንቅ እንደሚችል ተቆጥሮ ለዚህ ዕድሜ አይፈቀድም። በዚህ ልክ ብመዝነው ከላይኛው ረድፍ ዕቃ ግማሹ የሚወድቅ ስለነበር፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ትልቋ የምትጫወትበት ትንሹ ሲተኛ ብቻ ነው። ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር ከአንደኛው ሳጥን ሥር ያገኘሁት ክብ የሰዓት ባትሪ ነበር፤ ከተሰበረ ዘፋኝ መጫወቻ የወደቀ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ቢዋጥ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥል ይችላል፤ የዋጠ ልጅም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጥኖቹን በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሥራቸው ባዶ አደርጋለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ከግድግዳ ጋር ማሰሪያውን የሚመለከት ነው። ዘንጎቹ ለሚንጠላጠል ልጅ እንደ መሰላል ናቸው፤ ትንሹም በሁለተኛው ቀን የታችኛውን ሳጥን አውጥቶ ባዶው ዘንግ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወደ ፊት ያዘነበሉት ሳጥኖች ክብደት ከሕፃኑ ክብደት ጋር ተደምሮ መደርደሪያውን ሊጥለው ስለሚችል ማሰር ግዴታ ነው። አምራቹ ግን የሰጠው አንዲት አጭር ማሰሪያና ሁለት ብሎን ብቻ ነው፤ ለግድግዳ የሚሆን ፊሸር የለውም። በዚያ ላይ ከግድግዳው ሥር ያለው ዞኮሎ መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር እንዳይገጥም ስለሚያርቀው ማሰሪያዋ አልደረሰችም። በመጨረሻ ከጎረቤት ትራፓኖ ተውሰን፣ ፊሸርና ረዘም ያለ ማሰሪያ ገዝተን አሰርነው። ለልጆች ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ይህን ለገዢው መተዉ አሳፋሪ ነው።

አሁን የምንጠቀምበት አሠራር ይህ ነው፦ ከዘጠኙ ሳጥኖች ስድስቱ ብቻ መደርደሪያው ላይ አሉ፤ ሦስቱ እስከ ዕቃቸው ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅለው በየሁለት ሳምንቱ ከታችኞቹ ጋር ይለዋወጣሉ። በዘጠኙ ያልተጠቃለለው ዕቃ ግማሹ ለሌሎች ልጆች ተሰጥቷል፤ ግማሹ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከ18 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸው 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች ሲጫወቱ ተመልክቶ፣ መጫወቻው ጥቂት ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜና በተለያየ መንገድ እንደሚጫወቱ አሳይቷል። በእኛ ቤት ያየሁትም ከዚህ አይርቅም። ለሁለት ሳምንት ተሰውሮ የቆየ የብሎክ ሳጥን ሲወርድ እንደ አዲስ ዕቃ ይቀበሉታል፤ እኔም በዚያ መሐል የታጠበውን ልብስ አጣጥፌ እጨርሳለሁ። ምልክቱንም የጽሑፍ ከማድረግ ይልቅ ትልቋ ራሷ በማይለቅ ቀለም ሳጥኑ ላይ ሣለችው። ዝሆኗ ድንች ትመስላለች፤ ግን ሁለቱም ልጆች ዝሆን መሆኗን ያውቃሉ።

ከቤት ሥራ አንጻር የተገኘው ጥቅም ውስን ቢሆንም እውነተኛ ነው። ቀድሞ ከመጥረጌና ከመወልወሌ በፊት ወለሉን ለማስለቀቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ከልጆቹ ጋር ሆነን አሥር ደቂቃ አይሞላም። መጥረጉ ራሱ ከባድ አልነበረም፤ ሰው የሚያሰንፈው ከእሱ በፊት ያለው ማጎንበስ ነው። ስለ ልብሱ ክምርና ስለ ወጥ ቤቱ ግን መደርደሪያው የሚፈይደው የለም፤ «ቤትዎን ይለውጣል» የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ የሚገዛ ሰው ያዝናል። ወረቀት፣ መጽሐፍና ትልልቅ ተሽከርካሪ መጫወቻም አይችልም፤ መካከለኛው ዘንግ ከወዲሁ በመጽሐፍ ክብደት ትንሽ ጎብጧል።

ገና የሚድህ አንድ ልጅ ብቻ ላለው ቤት አያስፈልግም፤ አንድ ቅርጫት ይበቃዋል። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ ልጆች ላሉት ግን፣ ዕቃውን አስቀድሞ ከቀነሰና ማሰሪያውን በራሱ ወጪ ለማሟላት ከተዘጋጀ፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እኔ ዳግመኛ ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፤ የምገዛው ግን ስድስት ሳጥን ያለውን ነው።