ኤስዲኤስ 011 በኮምቦልቻና በደሴ፦ ጭሱን ያያል፣ እርሳሱን አያይም

ኖቫ የተባለው አምራች የሚሠራው ኤስዲኤስ 011 ከዋጋው በላይ የሚሠራ የብናኝ መለኪያ ነው። ምን እንደሚለካ ሳያውቁ የገዙትን ግን ያሳስታል። ኮምቦልቻ ላይ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ የምንተነፍሰው አየር ምን ያህል ብናኝ ይዟል? ከፋብሪካ፣ ከብየዳ ቤትና ከከባድ መኪና የሚወጣው፣ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያለው ብረትስ በጓሮ ጎመናችንና ከጣሪያ በምናጠራቅመው ውሃ ላይ ምን ያህል ያርፋል? ይህ ሴንሰር የመጀመሪያውን በከፊል ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ፈጽሞ አይመልስም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ ሌዘር ይበራበታል፣ ብናኙ ከበተነው ብርሃን ክብደቱ ይገመታል። መገመት ነው እንጂ መመዘን አይደለም። ከ0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ያለውን ስለማያይ ከናፍጣ መኪና ትኩስ የሚወጣው ጥላሸት አብዛኛው ያመልጠዋል። ተለቅ ያለውን ሻካራ ብናኝም በደንብ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ) ብሎ የሚያሳየው ቁጥር አቧራ በሚነሳበት መንገድ ዳር ከእውነተኛው በብዙ ያንሳል። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ከፍሬናቸው የሚፈቀፈቀው ብናኝም አብዛኛው ከዚህ ከሻካራው ወገን ነው። የማገዶ፣ የከሰልና የቆሻሻ ቃጠሎ ጭስ ላይ ግን የፒኤም 2.5 (እስከ 2.5 ማይክሮን ያለው ደቃቅ ብናኝ) ንባቡ ውጣ ውረዱን በደንብ ይከተላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ኮምቦልቻ ላይ ተኝቶ ጭሱን ሲያፍነው፣ ያንን በቁጥር ለማየት በዚህ ዋጋ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ለማነጻጸሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ 15፣ የዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። አንድ የማለዳ ንባብን ከ15 ጋር ማወዳደር ስህተት ነው፤ የሚወዳደረው የሙሉ ቀን አማካዩ ነው።

ሻጮች ብዙም የማያነሡት ዕድሜውን ነው። ለሌዘሩ የተሰጠው ዕድሜ 8,000 ሰዓት ነው፤ ሳያቋርጥ ከሠራ 11 ወር ገደማ ማለት ነው። በየ5 ደቂቃው 1 ደቂቃ ብቻ እንዲነቃ ከታዘዘ ግን ወደ 4 ዓመት ተኩል ይደርሳል። ከዚያች 1 ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ጣሉ፣ የቀሩትን 30 አማካይ ውሰዱ። የሚፈልገው 5 ቮልትና ወደ 70 ሚሊአምፔር ነው። የመረጃ መስመሩ 3.3 ቮልት ስለሆነ ኖድ ኤምሲዩ ከተባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ 5 ቮልት ከሚልክ የአርዱይኖ ቦርድ ጋር ግን በመካከል ቮልት መቀነሻ ያስፈልገዋል። መረጃ የሚልክበት ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ነው። ምንም ንባብ ካልመጣ መጀመሪያ የመላኪያና የመቀበያ ገመዶቹን አገላብጡ፤ አንዱ የሚልክበት የሌላው መቀበያ ላይ መግባት አለበት። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ፓወር ባንክ ላይ የሚሰኩት ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ ሴንሰሩ ሲተኛ የሚስበው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ ብዙ ፓወር ባንኮች ምንም እንዳልተሰካባቸው ቆጥረው ራሳቸውን ያጠፋሉ።

መኖሪያውን ከሁለት ባለ 75 ሚሊሜትር የፒቪሲ ኤልቦዎች (የቧንቧ ማጠፊያዎች) መሥራት ይቻላል። አፋቸው ወደ ታች ይሁን፣ ሸረሪት እንዳይገባ በትንኝ መረብ ይሸፈን፣ የአየር መሳቢያው ቱቦ አጭርና ያልታጠፈ ይሁን። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት መስኮት ይራቅ፤ አለበለዚያ የሚለካው የአንድ ቤት ጭስ ይሆናል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ዋናው ችግር ጉም ነው። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ሴንሰሩ ጠብታውን እንደ ብናኝ ይቆጥረዋል። አምራቹ ራሱ የሥራ ወሰኑን እስከ 70 በመቶ እርጥበት አድርጎታል። ስለዚህ ዲኤችቲ 22 ወይም ቢኤምኢ 280 የተባለ የእርጥበት መለኪያ አብሮ ይሰካ፣ ከ70 በመቶ በላይ የተወሰደው ንባብም ለብቻ ይቀመጥ። ያለ እርጥበት መለኪያ የተሰበሰበ የሐምሌ መረጃ አይታመንም።

ለእርሳስ፣ ለካድሚየምና ለኒኬል የሚያስፈልገው ከሴንሰሩም የረከሰ ነው፦ አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወደ 1.5 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ። ከአየር የሚወርደውን አቧራና ዝናብ እንዲህ ባለ ክፍት ዕቃ ማጠራቀምን ጀርመኖች የቤርገርሆፍ ዘዴ ይሉታል። ዕቃው በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ለአንድ ቀን ተዘፍዝፎ፣ በዲስቲልድ ውሃ ታጥቦ፣ ከመሬት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ለ30 ቀን ይቀመጣል። ሥራው የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ዚንክ በተቀባ ቧንቧ ላይ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቆመ የሚለካው የቧንቧውና የቆርቆሮው ዚንክ ነው፤ የባሕር ዛፍ አጣና ይሻላል። በበጋ የዕቃው ውስጥ ደረቅ ከሆነ ነፋስ ያራገፈው አቧራ ተመልሶ ይወጣል፤ 200 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይጨመርበት፣ ሲቀንስም ይሞላ። አረንጓዴ እንዳያበቅል የመዳብ ሰልፌት መጨመር የመዳቡን ውጤት ያጠፋል፤ ዕቃውን ከውጭ በጨለማ ነገር መጠቅለል ይበቃል። አፉ 9 ሴንቲሜትር የሆነ ዕቃ 300 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1.9 ሊትር ገደማ ስለሚሰበስብ ይፈሳል። በሐምሌና በነሐሴ በየ15 ቀኑ ቀይሩትና የሁለቱን ዕቃ አንድ ላይ አድርጉ።

ቅጠልና ነፍሳት በናይለን ወንፊት ከወጡ በኋላ ውሃው በ105 ዲግሪ ይተናል፣ ደለሉ ይመዘናል፣ ከዚያ በናይትሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሟሟል። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ አሲድ በቤት አይፈላም። የጀርመን የአየር ደንብ በዓመት አማካይ በካሬ ሜትር በቀን ለእርሳስ 100፣ ለኒኬል 15፣ ለካድሚየም 2 ማይክሮግራም ይፈቅዳል። እርሳሱ ልክ ገደቡ ላይ ቢሆን በ9 ሴንቲሜትር አፍ በ30 ቀን የሚገባው 19 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በ25 ሚሊሊትር ቢሟሟ በሊትር 0.76 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህን በነበልባል የሚሠራው የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ (ብረቱ በሚውጠው ብርሃን መጠኑን የሚለካው) ያነበዋል። ካድሚየሙ ግን ወደ 0.4 ማይክሮግራም ስለሆነ ከገደቡ በታች ያለውን በእርግጠኝነት ለመለየት የግራፋይት እቶን ያለውን መሣሪያ ጠይቁ። አቧራውን ለመመዘንም 0.1 ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የወርቅ ቤት ሚዛን አይበቃም።

የሚያሳስበው ጓሮውና የጣሪያው ውሃ ከሆነ ሴንሰሩን ትቶ ገንዘቡን ለላቦራቶሪው ማዋል ይሻላል። በአንድ ቦታ ሦስት ዕቃ ይቀመጥ፤ አንዱን ወፍ ቢያቆሽሸው ሁለቱ ይተርፋሉ። አራተኛው ተከድኖ ከእነሱ ጋር ይሰንብት፣ ያው ውሃና ያው አሲድ ይግባበት፣ ውጤቱም ከሌሎቹ ላይ ይቀነስ። በተለይ ዲስቲልድ ውሃ ጠፍቶ የባትሪ ውሃ ከተገዛ፣ ውሃው ራሱ ያመጣውን ብረት የሚያሳየው ይህ የተከደነው ዕቃ ብቻ ነው።